ፊቱ ያልወጣው ወንድሜ

በደርግ ዘመን አዋሳ ውስጥ ባለጎማ ሳንቃ ከሱቅ አይገዛም፤ ይሠራል። መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ጋራዦች ያለቀ ኩሽኔታ ይለመናል፣ በጎማ ፋንታ ሳንቃ ሥር ይገጠማል፣ ከዚያ ከታቦር ተራራ ግርጌ በሚወርደው መንገድ መልቀቅ ነው። ብረቱ አስፋልቱን ሲፍቀው ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ፈሪው ቁጭ ብሎ ይወርዳል፣ ደፋሩ ቆሞ። ቆሞ በመውረድ ታናሽ ወንድሜን የሚያህል አልነበረም።

እኔ ባህል አዳራሽ አጠገብ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነበር የምሠራው። ሥራዬ የመታወቂያ ፎቶ ነው፤ «ቀና ይበሉ፣ እንዳይነቃነቁ፣ እንዳይተነፍሱ» ስል እውላለሁ። ድንጋይ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ማየት ስለመረረኝ፣ እሑድ እሑድ የአሠሪዬን ካሜራ አስፈቅጄ ቁልቁለቱ ላይ እቆማለሁ። ያ ነበር ደስታዬ።

ያን ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ተጀመረ። ታላቃችን ሰሜን ዘምቶ በዚያው ቀርቷል። እኔን ዓይኑ ደካማ ነው ብለው መለሱኝ፤ ሥራዬ ፎቶ ማንሳት መሆኑን ሲሰሙ ሐኪሙ ሳይቀር ሳቀ። የቀረው ታናሻችን ነው። እናታችን ለቀበሌው «ቱላ ገጠር አጎቱ ዘንድ ለእርሻ ሄዷል» ብላ ጓዳ ደበቀችው።

ጎረምሳ ጓዳ ይበቃዋል? እሑድ ረፋድ ላይ ካሜራዬን ደግኜ ስጠብቅ አንዱ ከላይ ቆሞ እየበረረ መጣ። ወንድሜ ነው! ከልቤ ጣቴ ቀደመና ማንሻውን ደጋግሜ ተጫንኩት። እሱ በአጠገቤ እየሳቀ አልፎ ታጠፈና ወደ ቤት ጠፋ። ብደርስበት በጥፊ ባጮልኩት።

በማግስቱ የቀበሌያችን የምልመላ ኃላፊ ፎቶ ቤት መጣ።

«ወንድምህ ትናንት ቁልቁለቱ ላይ ታይቷል የሚል ጥቆማ ደርሶናል። አንተም ስታነሳ ነበር አሉ።»

«ሰፈርተኛውን ነው ያነሳሁት ጓድ።»

«እናያለና! ፊልሙን አሁን እጠበው።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። ፊልሙ ታጥቦ እስኪደርቅ ከወንበሩ አልተነሳም። ወረቀቱ ላይ ሳወጣውም ጨለማው ክፍል አብሮኝ ገብቶ ትከሻዬ ላይ ተነፈሰ። የእናቴ ልጅ ያለው እዚያ የፎቶ መድኃኒት ሳህን ውስጥ ነበር።

በቀዩ መብራት ሥር ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ቀስ በቀስ መጥቆር ጀመረ። መጀመሪያ የድንጋዩ አጥር ወጣ፤ ድንጋዩ አንድ በአንድ ይለያል። ከዚያ ዛፉ፣ ከዚያ ዳር ቆማ የምትስቅ ሴት፤ የነጠላዋ ጥለት እንኳ ይታያል። ይህን ያህል ከጠራ የወንድሜም ፊት ሊወጣ ነው። ቀጥሎ መሃሉ ወጣ፤ ከጫማ እስከ ራስ አንድ ረጅም ግራጫ ጭረት። ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው።

ያኔ ገባኝ። ካሜራውን ድንጋይ ሆነው ለሚቀመጡት ደንበኞቼ እንዳዘጋጀሁት፣ የመዝጊያውን ቀርፋፋ ፍጥነት ሳልቀይር ነበር ይዤው የወጣሁት። የቆመው ሁሉ ጥርት ብሏል፣ የሮጠው ሁሉ ጠፍቷል።

«ይሄ ምንድን ነው? ጭስ ነው?»

«ተነቃነቁብኝ ጓድ።»

ሌሎቹንም አወጣሁለት፤ ሁሉም ጭረት ነው። «አንተ ደግሞ ፎቶ አንሺ ነኝ ትላለህ! እንጀራ ሆኖብህ ነው እንጂ ይሄ ሙያ ያንተ አይደለም» ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ስድብ የለም። ግድግዳውን ተደግፌ ብቻዬን ሳቅሁ።

ፎቶዎቹን ይዤ ቤት በረርኩ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። «እሰይ! እንኳን አበላሸኸው፣ እጅህ ይባረክ» አለችኝ። ወዲያው ውሸቷን እውነት ልታደርገው ቆረጠችና በማግስቱ ቱላ ላከችው፤ ደርግ እስኪወድቅም እዚያው በቆሎ ሲኮተኩት ከረመ።

ያን ቀን ግን እሱን ያሳሰበው ሌላ ነው። ከጓዳ ወጥቶ ፎቶዎቹን ተራ በተራ አገላበጠና አኮረፈ።

«ቆሜ ወርጄልህ? አንዱ ላይ እንኳ ፊቴ አልወጣም?»

እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሳች። የምትመታው መስሎኝ ነበር።

«ፊትህማ ይኸው!» ብላ በሁለት እጇ ያዘችው።