የተወሰወሰ ቃል

ሰፈርተኛው «መቀሷ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ምላሷ ነው። ደንበኛ «ወገቤ ላይ ጠበበኝ» ስትላት «ልብሱስ አልጠበበም፣ አንቺ ወፈርሽ እንጂ» የምትል ሴት ናት። ሰውም ይስቃል፣ ተመልሶም ይመጣል።

ለካንሰሯ ኬሞ ከጀመረች ወዲህ ግን ሳቁ ቀረ። መድኃኒቱን በወሰደች ማግስት ደሟ ይፈላል፤ የበር ድምፅ፣ የማንኪያ ኮሽታ ሳይቀር ያበግናታል። ትንሽ ሰንብታ ደግሞ ያለ ምክንያት እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። ነርሷ «ከመድኃኒቱ ነው፤ ለቤተሰብሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው» ብላት ነበር። እሷ መች ትናገርና! ቤተሰብ የምትለው ደግሞ አንዲት ታናሽ እህቷን ነው፤ አለቃዋን ፈቃድ እየለመነች ከሆስፒታል የምታመጣትን።

ባለፈው ዙር ያቺው እህቷ ትራሷን ልታስተካክልላት ጎንበስ ብትል፣ «ምን ያንጎዳጉድሻል? መሞቴን ልታረጋግጪ ነው የምትመላለሺው? ማሽኔን ለመውረስ ቸኮልሽ?» አለቻት። እህቷ ትራሱን አስቀመጠች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ስልክም አልደወለችም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ!

መቀሷ ብቻዋን ቀረች። ሾርባ ታሞቅና ሁለት ሳህን አውጥታ አንዱን ትመልሳለች። ማሽኗ ላይ ትቀመጥና ባዶውን ትረግጠዋለች፤ ቤቱ ውስጥ ድምፅ እንዲኖር ብቻ። ስልኩን አንስታ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ይቅር በይኝ ማለቱስ ባልከፋ፤ የሚያስፈራት የነገው ነው። መድኃኒቱ ዳግም ሲያናግራት ይቅርታዋ ውሸት ሊሆን ነው። እህቷን ደግሞ ሁለተኛ ማጣት አትችልም።

ከማሽኑ በላይ የእህቷ ቀሚስ ተሰቅሏል። ገና በነጭ ክር ላላ ተደርጎ ተወሰወሰ እንጂ በማሽን አልተመታም። ልብስ ሰፊ መጀመሪያ ይወሰውሳል፣ ያስለካል፤ አልሆን ካለ ክሩን መዝዞ እንደገና ይጀምራል። በተወሰወሰ ልብስ የሚቀየም የለም። መቀሷ ቀሚሱን አየችው፣ አየችውና ጠቅልላ ይዛው ወጣች። የእህቷን ቤት ደረጃ በየመሀሉ እያረፈች ወጣችው።

እህቷ በሩን ከፈተች እንጂ «ግቢ» አላለቻትም።

«እይው እስቲ» አለች መቀሷ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «በመድኃኒቱ ሰሞን የምናገረውም እንደዚህ ነው፤ የተወሰወሰ ነው፣ በማሽን የተመታ አይደለም። አልናገርም ብዬ አልዋሽሽም፤ እናገራለሁ። አንቺ ክሩን መዝዘሽ ጣይልኝ። ብቻዬን አልቻልኩም፣ እታለም።»

እህቷ ቀሚሱን ተቀበለቻት። መቀሷ ደረጃውን ብቻዋን ወረደች።

በሚቀጥለው ዙር እህቷ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። አብረው ቤት ገቡ። በማግስቱ ያው ደም ፈላ።

«ውጪልኝ! ፊትሽን ማየት አልፈልግም! ሂጂ!»

እህቷ ወጣች፤ በሩ ተዘጋ። ቤቱ ጭር አለ። መቀሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የሚርቅ ኮቴ ስትጠብቅ ቆየች። ኮቴ ግን አልተሰማም።

«አልሄድሽም እንዴ?» አለች በመጨረሻ።

«ሄጃለሁ እኮ፣ እትዬ» አለች እህቷ ከበሩ ማዶ። «እደጅ ቁጭ ብዬ ክር እየመዘዝኩ ነው።»