በጠመኔ የተጻፈ ሙሉ ስም

የጦር ሙዚየሙ በር ሲከፈት ያረጀ ቆዳና የግራሶ ሽታ ተቀበለኝ፤ እግሬ ኦስሎ ቆሞ አፍንጫዬ ብቻውን አገር ቤት ገባ፣ አባቴ ማታ ማታ አውልቆ በር ላይ የሚሰቅለው የሥራ ቱታ ውስጥ።

ይዘውኝ የመጡት በሰፈራችን በፉሩሴት ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ኤርትራዊቷ አደይ ለተብርሃን ናቸው። ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ለጡረተኞች የነፃ መግቢያ ሰጥቷቸው፣ የኖርዌይኛ ጽሑፍ ስለማይሆንላቸው እኔን አስከትለው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ወጥተው ስላልተመለሱ ልጆች የተጻፈውን አንድም ሳያስቀሩ እያስነበቡኝ፣ በየፎቶው ፊት «የእናት ልጅ» እያሉ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እንዲህ እያልን በጠመኔ የተጻፈበት አንድ ቦምብ ፊት ደረስን።

አባቴ አገር ቤት፣ አየር ኃይል ውስጥ፣ አውሮፕላን ላይ ቦምብ የሚጭን ቴክኒሻን ነበር። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራው ቦታ ይዞኝ ገባና አንድ ቦምብ አጠገብ አቁሞ፣ ጠመኔ ሰጥቶ ስምሽን ጻፊበት አለኝ። ደብተራችን ላይ እንደምናደርገው እስከ አያቴ ካልጻፍኩ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ፣ ምላሴን አውጥቼ፣ የራሴንና የአባቴን ስም በትልልቁ ስከምር ቦታ አለቀብኝና ምስኪኑ አያቴ ከቦምቡ ሆድ ሥር ተጣጥፈው ገቡ። የአባቴ ባልደረቦች በሳቅ ፈረሱ፣ አንደኛው ብርቱካን ሸለመኝ። ከሰዓት በኋላ የአየር ኃይሉ ግቢ ልጆች እንደ ልማዳችን አጥር ላይ ተንጠልጥለን የሚመለሱትን አውሮፕላኖች ስንቆጥር አንድም አልጎደለም፤ ስሜ የት ደረሰ ብዬ አባቴን ብጠይቀው «ኤርትራ» አለኝ። ሰኞ ዕለት ይህን ያልነገርኩት የክፍል ጓደኛ አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ኮርቼ አላውቅም።

«ይኼስ ምን ይላል?» አሉኝ አደይ።

ለጠላት የተላከ ሰላምታ መሆኑን ነገርኳቸው፣ ጫኞቹ እንዲህ ይቀልዱ ነበር አልኩ። ጽሑፉን ጎንበስ ብለው አዩት። ታናሽ እህታቸው በገበያ ቀን፣ ጨው ልትገዛ ወጥታ፣ ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ እንደሞተች አውቃለሁ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ የእኛዋን በገደላት ላይም ጽፈውበት ይሆን?»

ወደሚቀጥለው ፎቶ አልፌ ማንበቤን ቀጠልኩ። ወደ ቤት በሚመልሰን ባቡር ውስጥ ግን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብርቱካኑን እንኳ አልደበቅሁም። እንደዚህ አገር ሰው «ያ፣ ያ» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፉሩሴት ስንወርድ «ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂ» ብለው ጉንጬን ነካ አደረጉኝ።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ያ ቦምብ የት እንደወደቀ ልጠይቀው አልችልም፣ ብጠይቀውም የሚያውቅ አይመስለኝም። ከልጅነቴ ሁሉ የምወደው ያቺን ቅዳሜ ነበር፣ አሁን ሳስባት አፍራለሁ። ምነው ባልነገርኳቸው እላለሁ፣ ደግሞ ሳልነግራቸው ዓይናቸውን እንዴት አያለሁ እላለሁ፣ እንዲሁ ስብሰለሰል እውላለሁ።

አደይ አሳንሰር ውስጥ ስንገናኝ እንደ ድሮው ይስሙኛል፣ ጤናዬንም ይጠይቁኛል። በየዓመቱ የእህታቸውን መታሰቢያ ሲያደርጉ እንግዳ የማስተናግድላቸው እኔ ነበርኩ፤ ዘንድሮ ግን መታሰቢያው ተደርጎ ቀኑ ማለፉን የሰማሁት ከጎረቤት ነው።