የሰው ሳሎን ባዶ ሳደርግ

ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት በሠርግ ነው። ብዙም አልቆየሁም። አንድ ሙሽራ አልበሙን ገልጦ፣ «ወንድሜ፣ የአዳራሹ ጣሪያ ዐሥራ ሁለት ቦታ አለ፤ እናቴ የት አለች?» አለኝ። ጣሪያው የምር ያምር ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰው የሌለበት ሥራ ፈለግኩ። ቃሊቲ አካባቢ ያሉ የቤት ደላሎች የሚከራይና የሚሸጥ ቤት ውስጡን እንዳነሳላቸው መደወል ጀመሩ። ሰፊ ሌንስ ገዛሁ፤ በእሱ ሲነሳ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ኳስ ሜዳ ይመስላል። አንዲት ተከራይ ፎቶዬን አምና ሶፋዋን በፒካፕ ጭና መጣች፤ ሶፋው በሩ ላይ ተቀርቅሮ ግማሽ ቀን ዋለ። ደላላው ጮኸብኝ፤ እኔ ግን በሆዴ ኮራሁ። ስታይል አለኝ እል ነበር። ስታይሌም ዕቃ ማውጣት ነው። ዳንቴሉ፣ የፕላስቲክ አበባው፣ ካላንደሩ፣ የምረቃ ፎቶው፣ ሁሉም ይወጣል። ለምን ብሎ ለጠየቀኝ፣ «ክፍሉ መተንፈስ አለበት» እላለሁ።

አንድ ቀን አቃቂ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚኖሩ ጡረተኛ አዛውንት ደውለው፣ «ሳሎናችንን አንሳልን» አሉኝ። ሊሸጡት መስሎኝ ለምን ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። እንደደረስኩ ሰላም ብዬ ዕቃ ማውጣት ጀመርኩ። ባልና ሚስቱ ዕቃቸው አንድ በአንድ በረንዳ ላይ ሲደረደር ቆመው ያያሉ። ባለሙያ ነው ብለው አክብረውኝ ነው ያልከለከሉኝ። አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ግድግዳው ላይ ምስማር ብቻ ሲቀር አንስቼ አሳየኋቸው።

አዛውንቱ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ የማን ቤት ነው?»

«የእርስዎ ነዋ፣ አባባ።»

«የኔ ቤትማ በረንዳ ላይ ነው ያለው።»

ሚስትየው ሳቃቸውን በነጠላቸው አፍነው ነገሩን አስረዱኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ለቀው ኮንዶሚኒየም ሊገቡ ነው፤ ዕድሜያቸውን የኖሩበት ሳሎን እንዳለ እንዲነሳላቸው ነበር የፈለጉት። «እንዳለ» የምትለውን ቃል ረገጥ አድርገው ነው የነገሩኝ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መመለሱ ከማውጣቱ ባሰ። ዐይኔ ምንም አያመልጠውም እያልኩ የምፎክረው ሰውዬ ካላንደሩ የት ተሰቅሎ እንደነበር እንኳ አላስታውስም። ሚስትየው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያዙኛል።

«እሱ የልጄ ምረቃ ነው፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ። አይ፣ ቀና አታርገው፣ ድሮም ጠማማ ነው።»

ጠማማውን አጣምሜ ሰቀልኩ። ለሙያዬ ከባድ ቀን ነበር።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ደግሞ ሁለቱም ከሶፋው አንነሳም አሉ። ከነሱው ጋር አነሳሁት። ፎቶውን አሳጥቤ ስወስድላቸው ግን የቡፌው መስታወት ላይ እኔው ራሴ አለሁ፤ ጎንበስ ብዬ፣ አንድ ዐይኔን ጨፍኜ፣ ምላሴን በከንፈሬ ጥግ አውጥቼ።

«ይቅርታ እማማ፣ አጥፍቼው እመለሳለሁ» አልኩ።

«ተወው» አሉ ሚስትየው። «ያን ሁሉ ዕቃ ያወጣብን ሰውዬ ይታይ እንጂ!»

አዲሱ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያሳዩት ምላሴን ነው አሉ። እስከዛሬ ስንት ቤት አንስቻለሁ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለልኝ ግን እሱ ብቻ ነው። ለደላሎች አሁንም ዕቃ አወጣለሁ። ሌላ ሰው ሲደውልልኝ ግን «ለምን ፈለጉት?» ብዬ እጠይቃለሁ።