የሳፋው ባሕር

የተያዝነው ፒያሳ፣ ከቤታችን ነው። ወንድሜ አራት ኪሎ ይማራል፤ ጥናቱ የባሕር ወለል ዳርቻው አጠገብ በረጅም ዘመን ለምን እንደሚለዋወጥ ነበር። ፈታሾቹ ግድግዳው ላይ የቀይ ባሕር ጠረፍ ካርታ አገኙ። የጥልቀት ቁጥሮቹን የጦር ሠፈር ምልክቶች ናቸው አሉ።

"ባሕር በሌለው አገር የባሕር ወለል ታጠናለህ?" አለው መርማሪው።

እኔን የወሰዱኝ አብሬው ስለምኖር ነው።

የታሰርንበት ክፍል መስኮት የለውም። ስንተኛ አንዱ ካልዞረ ሌላው መገላበጥ አይችልም። እስረኛው የመረጣቸው ካቦ፣ የክፍሉ አለቃ፣ የወሎ ሰው ናቸው፣ ነጋዴ። ደንባቸው አንድ ነበር፤ ከቁርስ በኋላ የሚያውቅ ያስተምራል።

በመጨረሻ ቀኑ ወንድሜ ከእስር ቤቱ ግቢ በኪሱ ያመጣውን አሸዋ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ አስተኛ፤ ውኃ ጨመረበት። ውኃውን በመዳፉ ቀስ አድርጎ ገፋው። አሸዋው ወደ ዳር መጣ። ኃይል ሲጨምር ወደ መሐል ሸሸ።

"ወጀብ የወሰደውን ለስላሳ ማዕበል ይመልሰዋል። ይሄ በየዓመቱ ያለ ነው። እኔ የማጠናው የማይመለሰውን ነው።"

"እኛስ ከየትኛው ነን፣ ብራዘር?" አለ አንድ የሠራተኛ ሠፈር ልጅ።

ሳቅን። ወንድሜም ሳቀ፤ ከዚያ ሳሉ ተነሣበት። ሲሰነብትበት የቆየ ሳል ነው።

"የማይመለሰውን ነገ አሳያችኋለሁ" አለ።

ከሰዓት በኋላ መተንፈስ አቃተው። በሩን ደበደብን። ጠባቂዎቹ ዘግይተው ወሰዱት። ሳይመሽ አንድ ጠባቂ መጥቶ፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ሕይወቱ ማለፉን ለካቦው ነገራቸው።

በማግስቱ ቁርስ የነካ የለም።

"ዛሬ ትምህርት የለም" አሉ ካቦው። "አንተም ጋደም በል፣ ልጄ።"

"አለ፣ ጋሼ" አልኩ።

እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም። ግን ቤት ውስጥ የጥናቱን ገለጻ ሲለማመድ የምሰማው እኔ ነበርኩ። ሳፋውን ሳብኩ። የልብስ ሳሙና አሸዋው ላይ ከዳር ወደ መሐል ተከልኩ።

"ይሄ የወደብ ግንብ ነው። አሸዋ... አሸዋ ዳር ዳሩን ይጓዛል። ግንቡ ያግደዋል። በዚህ በኩል ይከማቻል። በዚያ በኩል የሄደውን የሚተካ የለም፤ ወለሉ እየጠለቀ ይሄዳል። ወንዝም ሲገደብ... እ... ደለሉ ባሕር ሳይደርስ ይቀራል።"

ማንም አላጣደፈኝም። የሠራተኛ ሠፈሩ ልጅ ሳፋው እንዳይነቃነቅ በሁለት እጁ ይዞልኛል።

ዛሬ ከእስር ወጥቻለሁ፤ ካርታውን ግን አልመለሱልኝም። ሰው ስለ ወንድሜ ሲጠይቀኝ አሁንም ያን ጠዋት ከሰጠሁት የተሻለ መልስ የለኝም።

ያኔ ገና እያስተማርኩ ሳለ ጠባቂው በሩን ከፍቶ ሳፋውን አየ።

"ምንድን ነው እሱ?"

ካቦው ሊመልሱ ነበር፤ ቀደምኳቸው።

"ባሕር ነው" አልኩት። "የወንድሜ ትምህርት ነው፤ አልጨረስንም።"

ቆሞ አየኝ። እኔ እጄን ውኃው ውስጥ መልሼ ቀጠልኩ።