ሲንቄ በሻይ ቤቱ ደጃፍ

በዕድሜዬ አንዲት ሲጋራ ከንፈሬ ላይ አርፋ አታውቅም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ ሳይሆን ንዴቴ እንዲገባችሁ ነው። ዕድሜ ልኬን የበቆጂን ስንዴና ገብስ በመኪና ጭኜ ቁልቁል ስነዳ ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ልረፍ ስል ሳንባዬ ከዳኝ። ሐኪሙ የደረቴን ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየና አንደኛው ጎኔ ከእንግዲህ እንደማያገለግለኝ ነገረኝ። ታጨሳለህ ወይ አለኝ፣ አላጨስም አልኩት። እንግዲያው ከሚያጨሱ ሰዎች ራቅ፣ ብርድም አይምታህ አለኝ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባል የለ፣ እሺ ብዬ ወጣሁ።

ችግሩ ዳማዬ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ሻይ ቤት ከሰዓት በኋላዬን የማሳልፈው በዳማ ነው። ተጋጣሚዬ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ የልብ ወዳጄ ነው፣ ግን አንዱን ሲጋራ በሌላው የሚለኩስ ጉደኛ። እሱን ሽሽት ቤት ልዋል ብዬ ሞክሬ ነበር። ሳምንት ሳይሞላኝ ያልቀመስኩትን ወጥ ጨው አነሰው ማለት ጀመርኩ። ሚስቴም በበኩሏ ሌሊት ሌሊት ጎኔን እየጎሸመች ታነቃኛለች። ምን ሆነሻል ብዬ ስቆጣት «ታንኮራፋለህ» ብላኝ ፊቷን ታዞራለች። ቀን ከግድግዳ ጋር ተፋጥጬ፣ ሌሊት እየተጎሸምኩ፣ ይሄ ኑሮ ነው? ወደ ሻይ ቤቴ ተመለስኩ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት አለ። ሕግ ወጥቷል ተብሎ ሲለጠፍ ነጭ ነበር፤ አሁን ከጭሱ ብዛት የሻይ ቀለም ይዟል። ልክ ከሥሩ ባለው ጠረጴዛ ላይ መተርኮሻው ሞልቶ ይፈሳል። ባለቤቱን ለመንኩት። ደንበኛዬ ወደ ማዶው ሻይ ቤት ይሄድብኛል፣ ልጆች አሉኝ አለኝ። አስተማሪው ደግሞ ክርክር ካገኘ ምሳውንም ይረሳል። ሰው በገዛ ሳንባው የፈቀደውን ቢያደርግ ማን ይከለክለዋል፣ ዛሬ ሲጋራ ከተከለከለ ነገ ሳቅ ይከለከላል አለ። እኔም ሰው በገዛ ቤቱ ጣሪያው እስኪጠቁር ያጭስ፣ የሁላችን በሆነ ቤት ግን የሱ ጭስ እኔ ሳንባ ውስጥ ምን አገባው አልኩት። ተሳሳቁና ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።

እልኸኛ ነኝ። በርጩማዬን ይዤ ወጣሁና መስኮቱ ሥር፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ በታች ተቀመጥኩ። መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ከውጭ እየጮህኩ እጫወታለሁ፤ አስተማሪው ከውስጥ የራሱንም የኔንም ቆርኪ ይገፋል። «የዳሯን ወደፊት! አይደለም፣ የወዲያኛዋን!» የሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ይስቅብኛል። መጀመሪያ ላይ እኔም እስቅ ነበር። ከዚያ ሐምሌ ገባ። ጭጋጉ ከጭላሎ ወርዶ ከተማው ላይ ሲተኛ በካፖርቴ ላይ ጋቢ ብደርብም አጥንቴ ድረስ ይገባል። ከጭሱ አመለጥኩ ብዬ ብርዱ እጅ ላይ ወደቅኩ። ሐኪሙ ሁለቱንም ከልክሎኝ ነበር፣ እኔ ግን ከሰው መለየትን ከሁለቱም አብልጬ ፈራሁ።

ሚስቴ የአርሲ ኦሮሞ ልጅ ናት፣ ትውልዷ ሲሬ። እኔ ቅድመ አያቶቼ ከሸዋ መጥተው እዚህ ከሠፈሩት ወገን ነኝ። ስንጋባ እናቷ ሲንቄ ሰጥታት ነበር፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ በትር ነው፣ ያገባች ሴት ብቻ የምትይዘው። ዕድሜ ልካችንን ከመኝታ ቤታችን በር ጀርባ ቆሞ ቅቤ እየተቀባ ኖረ። አንድ ቀን ውሻ ላባርርበት ባነሣው ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ሲንቄ የያዘች ሴት በጠበኞች መሃል ከቆመች ጠቡ ይቆማል፣ እሷን አልፎ የሚሄድ ወንድ የለም ይላሉ። ሲባል ሰምቻለሁ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እውነቱን ልናገርና የድሮ ሰው ወሬ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ሐምሌ አንድ ቀን ዝናቡ ወደ እኔ ያዘነብላል። አስተማሪው ቆርኪዬን በላብኝና ውስጥ ያሉት ሲስቁ፣ ልመልስለት አፌን ስከፍት ሳል ጀመረኝ። ያዘኝ፣ አልለቅ አለኝ። በርጩማዬ ላይ እንደተጎነበስኩ የሚስቴን ጫማ አየሁ፤ ከገበያ እየተመለሰች ነበር። ቅርጫቷን አጠገቤ አስቀመጠች። ጀርባዬን በመዳፏ ይዛ ሳሉ እስኪያልፍልኝ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ቤት ሄደች። ሌላ ጋቢ ልታመጣልኝ ነው ብዬ ነበር።

ስትመለስ በቀኝ እጇ ሲንቄውን፣ በግራዋ ከመንገድ ዳር የነጨችውን እርጥብ ሣር፣ የሰላም ምልክቱን፣ ይዛለች። እኔን ሳታየኝ አልፋ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመች፣ በትሩንም ከፊቷ ተከለችው።

በመስኮቱ አየሁ። መጀመሪያ የተነሣ አንድ የበቆጂ ገበሬ ነው። ኮፍያውን አወለቀ። ጥግ ላይ በድለላ ሒሳብ ሲጨቃጨቁ የነበሩት ሁለቱ ሒሳባቸውን ትተው ተነሡ። አንድ ባንድ ቤቱ በሙሉ ቆመ፤ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ባለሱቁ ጉራጌ፣ ሁሉም። ቤቴ ውስጥ ጨው አነሰው የምላት ሴት ናት! እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ።

በኦሮምኛ ቀስ ብላ ተናገረች። ቀጥሎ ለማይሰማው በአማርኛ ደገመችው።

«በጭሱና በባሌ መሃል ቆሜያለሁ። የሚያልፈኝ ይለፍ።»

ማንም አላለፈም። ለሁሉ ነገር መልስ ያለው አስተማሪ ዞር ዞር ብሎ መተርኮሻ ፈለገ፣ ሁሉም ሞልቶ ሲያገኘው ሲጋራውን የገዛ ሻዩ ውስጥ ነከረው። ባለቤቱ መተርኮሻዎቹን በትሪ ሰብስቦ ወደ ጓሮ ወሰደ። አንድ ሰው መስኮቶቹን ከፈተ። ያ ሁሉ ጭስ በእርጋታ ተነሥቶ በራሷ ላይ እያለፈ ወደ ዝናቡ ሲወጣ ቆሜ አየሁት። ወረቀት ለጠፉልን፣ ለመንኩ፣ ተከራከርኩ፤ አንዱም ያላስወጣው ጭስ ነው።

ግባ የሚል ምልክት በዓይኗ ሰጠችኝ። ገብቼ ወንበሬ ላይ እስክቀመጥ ከደጃፉ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ሣሩን ደፉ ላይ ጥላ፣ ቅርጫቷን አንሥታ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ አስተማሪው አላስችል ሲለው ወጥቶ መስኮቱ ሥር በርጩማዬ ላይ ተቀመጠና ሲጋራ ለኮሰ። ከዝናቡ ውስጥ ሆኖ «የመሃሏን ግፋልኝ!» እያለ ሲጮህ ቆርኪውን ገፋሁለት። ሁለት ጊዜ ስቦ ጣለውና እየተንቀጠቀጠ ገባ።

ቤት ስደርስ ሲንቄው ከበሩ ጀርባ ቦታው ተመልሷል። እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ለሲጋራም ሲንቄ ይነሣል እንዴ ብዬ ቀለድኩ።

«ለሲጋራ አይደለም» አለችኝ ቀና ሳትል። «ሌሊት ትንፋሽህን የማዳምጠው እኔ ነኝ። የቆመ ሲመስለኝ እጎሽምሃለሁ፣ አንተ ትቆጣኛለህ።»

ታንኮራፋለህ ስትለኝ የኖረችው ለዚህ ነበር። ራት የበላሁት እንዴት እንደሆነ አላስታውስም። ያን ሌሊት ጎኔን ስትነካኝ ግን አልተቆጣሁም።

«አለሁ» አልኳት።