ውሉ ላይ ያልሰፈሩት አሥር ቀናት

ነገሩ የሆነው አምና ነው። ማንም አልከሰሰኝም፣ ክፉ የተናገረኝም የለም። እኔን ግን እስካሁን ይቆረቁረኛል።

መምህር ነኝ። ተመድቤ ሐረር ከመጣሁ ወዲህ ሁለት አከራዮች በድንገት ቤት አስለቅቀውኛል። ስለዚህ ጀጎል ውስጥ ሐረሮች በአክብሮት «አባይ» የሚሏቸውን የአሮጊቷን የነፊሳን ቤት ሳገኝ፣ በአዲሱ የቤት ኪራይ አዋጅ መሠረት በጽሑፍ ካልተዋዋልን ብዬ ድርቅ አልኩ። አሮጊቷ ተስማሙ። ዋናውን ቤት ለእኔና ለባለቤቴ ለቀው እሳቸው ግቢው ውስጥ ካለችው ትንሽ ክፍል ገቡ።

ቤቱ ኪርታት አለው። አዲስ ሙሽሮች የመጀመሪያ ቀኖቻቸውን የሚያሳልፉባት ጠባብ ጓዳ ናት። አባይ ነፊሳ ራሳቸውም የተሞሸሩት እዚያ ነው። ያሳደጉት የልጅ ልጃቸው ሲያገባ ለአሥር ቀን ብቻ ቤቱን እንድንለቅላቸው ጠየቁኝ። ምን ችግር አለው፣ አልኩ።

ውሉን ልናስመዘግብ ስንሄድ መዝጋቢዋ ሠራተኛ ሌላ የተስማማችሁበት ነገር አለ ወይ አለችን። አባይ ነፊሳ ወደ እኔ ዞሩ።

«የሰርጉስ አይጻፍም?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እሱ በእኛ መሃል ነው፤ ወረቀት አያስፈልገውም» አልኳቸው። አምነውኝ ፈረሙ።

ሰርጉ ሲደርስ ፈራሁ። አንዴ ከወጣሁ ተመልሼ የምገባ አልመሰለኝም። ጠመኔ የያዝኩ ይመስል ፊታቸው ቆሜ፣ ውሉ የሁለት ዓመት እንደሆነና ሕጉ ተከራይን ከመሃል ማስወጣት እንደማይፈቅድ አስረዳኋቸው። እሳቸው ግን ውጣ አላሉኝም። የጠየቁኝ አሥር ቀን ነበር።

«ወረቀቱ እንዲያ ካለ ሐቅህ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ሙሽሮቹ ሐኪም ከሚባለው ተራራ ግርጌ ዘመድ ቤት ገቡ። በሦስተኛው ቀን አባይ ነፊሳ በሰሃን የሰርጉን ጣፋጭ፣ ሐላዋ፣ ይዘው በራችንን አንኳኩ። ክርስቲያን መሆናችንን ያውቃሉ።

«ሥጋው የእኛ እርድ ስለሆነ አትበሉም ብዬ ይህን ለብቻ አስቀመጥኩላችሁ» አሉ።

በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል እኛ የማንበላውን አስታውሰዋል። እኔም ብሆን ቃሌን ረስቼው አልነበረም። እያወቅኩ ነው የካድኩት።

ውሉ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ሕጉን አላማርረውም፤ ከጎዳና አድኖኛል። አሥር ቀን አትስጥ ያለኝ ግን ሕጉ አይደለም። ኪርታቷን የሻንጣ ማስቀመጫ አድርገናታል። ልብስ ላወጣ በገባሁ ቁጥር አፍራለሁ።