የአብራሪው እርሳስና የእኔ ላጲስ

በላጲስ የሚተካከለኝ ሰው አስመራ ውስጥ አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ ብቻ አይደለም፤ እንጀራዬ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተማሪዎች የመለሷቸውን መጻሕፍት እቀበልና በእርሳስ የሞነጫጨሩትን አጥፍቼ ወደ መደርደሪያ እመልሳለሁ። ጣሊያናዊቷ ኃላፊያችን ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ትመረምርና «ብራቫ!» ብላ ታሞግሰኛለች። እንዲህ ባለችኝ ቀን ብሽክሌቴን በኮምቢሽታቶ ጎዳና አድርጌ እስከ ሰፈሬ እስከ ጸጸራት የምነዳው ደረቴን ነፍቼ ነው።

በዚያ ዓመት ቤተ መጻሕፍቱ በአንድ ሟች መምህር ስም ሊሰየም ሆነ። ሰውየው በወጣትነቱ አውሮፕላን አብራሪ ነበር፤ ኋላ ዓይኑ ሲደክም መሬት ወርዶ ሒሳብ አስተማረ። ባለቤቱ ገጀረት ካለው ቤታቸው መጻሕፍቱን በሦስት ሣጥን ላኩልን። እኔ የታዘዝኩት ማኅተም እንድመታ ብቻ ነበር። ሣጥኑን ስከፍት ግን ጉድ! የገጹ ዳርና ዳር በእርሳስ ጢም ብሏል። «መምህር ሆኖ መጽሐፍ እንዲህ ያበላሻል?» አልኩና እጅጌዬን ሰበሰብኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስቱንም ሣጥን እንደ አዲስ አደረግኳቸው። አንድም ሰው ሳያዘኝ!

ለምረቃው አንድ ቀን ሲቀረው ባለቤቱ መጡ። ሸዋ ተወልደው አስመራ ያረጁ፣ አማርኛቸው መሐል ትግርኛ ጣል የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ከመጻሕፍቱ አንዱ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተከፍቶ ለእንግዶች ይታያል ስለተባለ፣ ገጹን ሊመርጡ ነው የመጡት።

«የእጁ ጽሑፍ ያለበትን ስጪኝ» አሉኝ። «ደብዳቤ እንኳ አልተወልኝም። ያሰበውን ሁሉ የሚጽፈው መጽሐፉ ዳር ላይ ነበር። በሕይወት እያለ መጽሐፉን አያስነካኝም፤ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ለመክፈት ልብ አጣሁ። ዛሬ ግን አያለሁ።»

አንዱን ገለጡ። ሌላውን ገለጡ። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ።

«ኣደይ» አልኳቸው፣ እናቴ ማለቴ ነው፤ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«እወ።» ስደነግጥ በትምህርት ቤት የለመድኩት አማርኛ ጥሎኝ ይጠፋል።

ኃላፊያችን ቲማቲም መሰለች። ባለቤቱ ግን አልጮኹብኝም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡና «እንግዲህ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ» አሉኝ። «ምን ይል ነበር?»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳጠፋ አንድ መስመር እንኳ አላነበብኩም። ይህንኑ ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

የእኔን እንባ እንዳያዩብኝ አንዱን መጽሐፍ አንሥቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ፀሐይዋ ገጹን አግድም ስትመታው ዳሩ ላይ ስርጉድ ስርጉድ ያለ ነገር አየሁ። ሰውየው የሚጽፈው እርሳሱን ተጭኖ ኖሯል! ላጲሴ ጥቁሩን አነሣ እንጂ ስርጉዱን አልቻለውም። መጽሐፉን ዘንበል አድርጌ ፊደል በፊደል ለቀምኩት፦ «ይህ ስሌት አልገባኝም። ነገ ተማሪዎቼን እጠይቃቸዋለሁ።»

«እሱ ነው!» አሉ ባለቤቱ፤ እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ።

በማግስቱ ያ ገጽ በንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ ሥር፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ከአዲስ አበባ የመጡት ሹማምንት በየተራ አጎነበሱበት። እዚያ ጥግ ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ የሚታየው ባዶ ወረቀት ነው። አንደኛው ቆብ አውልቆ «ግሩም የእጅ ጽሑፍ!» አለ። ከኋላው ያለው ደግሞ «እንዴታ! የድሮ ሰው አይደል?» ብሎ አጸደቀለት። እኔና ባለቤቱ ሳቅ እንዳያመልጠን ፊታችንን ወዲያና ወዲህ አዞርን።

እንግዶቹ ሲበተኑ ባለቤቱ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «የእኔ ዓይን ያንን አይለይም። አንቺ ታነቢልኛለሽ።» ልመና አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ እንቀመጣለን፤ እኔ መጽሐፉን አዘነብላለሁ፣ እሳቸው ያዳምጣሉ። አብዛኛው ደረቅ ሒሳብ ነው። እሳቸው ግን እንደ ሰፈር ወሬ በጉጉት ይሰሙታል፤ ስጨርስም «የቐንየለይ» ብለው ያመሰግኑኛል።

አንድ ቅዳሜ ስለ ነፋስ በሚያወራ መጽሐፍ ላይ አንድ አጭር መስመር አገኘሁ። አሁንም ቀድሜ ሳላስብ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «ዛሬም እንዳኮረፈች ናት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቤት ስገባ እነግራታለሁ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው በመስኮቱ ወደ መንገዱ ያያሉ።

«አልነገረኝም» አሉ።

መጽሐፉን ልዘጋው ስል እጃቸውን ገጹ ላይ አሳረፉ።

«ድገሚልኝ።»